ከፔትካ ዓይን የተፋቀ

መስከረም 9

ለማንም ያልነገርኩት ይኸውና። በገዳማችን ግድግዳ ላይ የቅድስት ፔትካን ዓይኖች የፋቅኋቸው እኔ ነኝ። በማንኪያ። በጦርነቱ ክረምት፣ ልጄ ኔዴልኮ ትንሽ ሳለ።

ጻፍኩት። ምንም አልሆነም። ምድጃው ይነዳል፣ ድመቷ ተኝታለች።

የቀረው ቀን እንደ ሌላው ቀን ነው። ቀይ ቃሪያ ስጠብስና ስልጥ ዋልኩ። ጣቶቼ እስካሁን ይለበልቡኛል። የጎረቤቴ የስታና አውራ ዶሮ አጥር ዘሎ ሽንኩርቴን ጫረው። ድንጋይ ወረወርኩበት፣ ሳትኩት። ስታና በመስኮት አየችኝ። ትየኝ።

ከሰዓት በኋላ ዋርሳዬ ኦብራድ መጣ። ባሌ ሚሎዬ ከሞተ ጀምሮ ይህ ወንድሙ በሬን ሳያንኳኳ ነው የሚገባው።

“ቪዳ፣ ሥዕል አዳሾቹ ከቤልግሬድ መጥተዋል። ምሳ የምታበስዪላቸው አንቺ ነሽ። ኮሚቴው ወስኗል።”

“ኮሚቴው ማነው?”

“እኔ።”

ቤተ ክርስቲያኗ በመጨረሻ ልትታደስ ነው። ጉልላቷን መድፍ በስቶት ለዓመታት ዝናብ ጠጥታለች፤ ከታች ደግሞ ወንዙ በግድግዳው ውስጥ ሽቅብ ይወጣባታል። “ከሁሉ በፊት ግን ያንን ያዩልናል” አለ ኦብራድ። “ቱርኮቹ ያወጡትን ዓይን።”

ቱርኮች የሚላቸው ከወንዙ ማዶ የነበሩትን ሙስሊም ጎረቤቶቻችንን ነው። ቱርክን በካርታ እንኳ አይተው የማያውቁ ሰዎች። እንደኛው በዚችው ቦስኒያ ተወልደው፣ በኛው ቋንቋ የሚሳደቡ።

“እሺ” አልኩ። መቼም እሺ ነው የምለው።

መስከረም 12

የባቄላ ሾርባ ይዤ ወደ ገዳሙ ወረድኩ። ውስጡ ያው ነው፣ የረጠበ ጆንያ ይሸታል። ግድግዳው ላይ ነጭ ጨው እንደ ሻጋታ ወጥቷል። ከግድግዳው በሲሶው ላይ የሐዋርያት እግር ብቻ ነው የቀረው፣ ከላይ ሰው የለም።

የሥዕል አዳሾቹ አለቃ ያስና ትባላለች። አጭር ጸጉር፣ የወንድ ሱሪ፣ ሲጋራ ከጆሮዋ ላይ። ሠራተኞቿ የግድግዳውን ግርጌ እየቆረቆሩ ሲሚንቶ ያወርዳሉ። ሲሚንቶውን ያፈሰሰው ኦብራድ ነው፣ ከጦርነቱ በፊት፣ ቤተ ክርስቲያኗን ከእርጥበት አድናለሁ ብሎ። በየንግሡ ሲያወራው ኖሯል።

“ውሃው መተንፈሻ አጣ” አለችው ያስና። “ኖራ ቢሆን ያስወጣው ነበር። በሲሚንቶ ሲዘጋበት ሽቅብ ሸሸ፣ ወደ ሥዕሎቹ።”

“ሲሚንቶው ነው ያቆማት!”

“ሲሚንቶው ነው ያበሰበሳት፣ ጋሼ ኦብራድ።”

“ጋሼ አትበይኝ! በዚህ ጀርባዬ ነው ያመላለስኩት!”

“ለጀርባዎ አዝናለሁ።”

ሠራተኞቹ ሳቁ። ኦብራድ ምራቁን ጢቅ አደረገ፤ የት እንደቆመ ትዝ ሲለው በጫማው አበሰው።

ደስ አለኝ። እሷንም ግን አልወደድኳትም። ሾርባዬን ቀምሳ ጨው ጨመረችበት።

ፔትካን ቀና ብዬ አላየኋትም። በሩ አጠገብ ናት፣ በሰሜኑ ግድግዳ፣ ዝቅ ብላ፣ ሰው ሊስማት በሚችልበት ቁመት። ሠላሳ ዓመት እጇን ስሜ ፊቷን ሳላይ እወጣለሁ። ቀላል ነው። ይለመዳል።

መስከረም 15

ጉልበቴ። ዝናብ ሊመጣ ነው።

መስከረም 18

ሃምዲያን ሱቅ አገኘሁት። ለንቦቹ ስኳር ይገዛል። ከማዶዎቹ የተመለሰው እሱ ብቻ ነው። የተቃጠለ ቤቱን ራሱ ሠርቶ፣ ከቀፎዎቹ ጋር ብቻውን ይኖራል። ስገባ ወጣ፣ እኔን ሳይሆን ከኋላዬ ያለውን በር እያየ። ደረቅ ሽማግሌ። ሰላምታ እንኳ… ሰላምታ ከየት ይምጣ?

ባለሱቋ በሩ ገና ሳይዘጋ፣ “የፔትካን ዓይን አውጥቶ ማር ይልሳል” አለች።

ሰምቷል። ትከሻው ቆም ሲል አየሁት።

ጨው ገዝቼ ወጣሁ። ጨው አላለቀብኝም ነበር።

መስከረም 21

ኦብራድ ሰሌዳ ሊያሠራ ነው። የእብነ በረድ፣ ከፔትካ ሥር የሚተከል። የሃምዲያ ስም ይቀረጽበታል። በንግሧ ቀን፣ ጥቅምት 17፣ በሕዝብ ፊት ይገለጣል።

“ስሙ ድንጋይ ላይ ከወጣ በኋላ እዚህ የሚያድር ይመስልሻል?” አለኝ። “ጠራርጎ ነው የሚያስወጣው። ያኔ ያልጨረስነውን ድንጋዩ ይጨርስልናል።”

ከዚያ ድስቴን ከፍቶ አየ። “ሥጋ የለውም?”

“የለውም።”

“ሚሎዬ ሳለ ነበረው።”

ሚሎዬ ሳለ ብዙ ነገር ነበር።

መስከረም 24

ልጻፈው። እንዴት እንደሆነ።

ያን ክረምት ኔዴልኮ አምስት ዓመቱ ነበር። ዓይኖቹ በመግል ተጣበቁ። በሞቀ ውሃ ባጥብ ባጥብ አልከፈት አሉ። እየዳሰሰ ነበር የሚሄደው… ግድግዳውን፣ ወንበሩን፣ ፊቴን። ሆስፒታሉ ከጦር ግንባሩ ወዲያ ማዶ ነው። ሚሎዬ ከኦብራድ ጋር ዘብ ወጥቷል፤ አንዳንዴ ይመጣል፣ ሲመጣም ሰክሮ።

መድኃኒቱን የነገረችኝ የሃምዲያ እናት ናት። አሮጊቷ ዘይና። ያኔ ሴቶቹ ተደብቀን ወንዙን እንሻገር ነበር፣ ሽንኩርት በዱቄት ለመለወጥ። ስለ ልጁ ስነግራት ተቆጣች።

“ሞኝ ነሽ እንዴ? ፔትካን የመሰለች በደጃችሁ ቆማ! ከዓይኗ ፍቀሽ በውሃ ለውሰሽ ቀቢው። እኔንም እናቴ እንደዚያ ነው ያዳነችኝ።”

“አንቺን? በኛ ፔትካ?”

“ሃይማኖቴን አልጠየቀችኝም” አለች። “አንቺስ ዱቄት ስትፈልጊ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?”

እውነቷን ነው፣ አዲስ ነገር አልነበረም። የኛም ሴቶች ከጥንት ጀምሮ ከሥዕሉ ይወስዱ ነበር። እምነት ነው የሚሉት። የቀኝ ዓይኗ ጠርዝ ከድሮም የተቦረቦረ ነው። ግን አይወራም፤ ቄሱ ያወግዛል፣ ወንዶቹ ይስቃሉ።

ማንኪያው የልጁ ነበር። ጥቁር ሻሼን ከፊቷ ሥር ዘረጋሁ። የግራውን ፋቅሁ፣ ትንሽ መሰለኝ። የቀኙን ጨመርኩ። ይቅር በዪኝ እያልኩ ነበር፤ እጄ ግን አንድ ጊዜም አልቆመ። በበረዶ ውሃ ለወስኩት፣ ቀባሁት። ከቀናት በኋላ ጠዋት ዓይኑን ገለጠና፣ “እማ፣ ሻሽሽ ነጭ ሆኗል” አለኝ።

ሌላም አለ። ዛሬ አልችልም።

መስከረም 29

ያስና ጠራችኝ። “እማማ ቪዳ፣ ይምጡ ይህን ይዩ።” ባትሪ አብርታ ብርሃኑን ከጎን በፔትካ ፊት ላይ ጣለችው። የት ልሽሽ? ድስቱ በእጄ ነበር።

አየሁ። ሁለት ጎድጓዳ። ለስላሳ፣ በልክ የተፋቀ።

“የጠላት እጅ አይመስለኝም” አለች። “ጠላት ፊቱን በሙሉ ነው የሚወቅረው። ይሄኛው ቅንድቧን እንኳ አልነካም። ሌላ ቦታም አይቻለሁ፤ ሴቶች ለዓይን ሕመም ይወስዱታል።”

“ይወስዳሉ?” የማን ድምፅ እንደነበር እንጃ።

“ድንቁርና! ነጩ ቀለም እርሳስ የሚሉት መርዛማ ብረት አለበት። የታመመ ዓይን ላይ እርሳስ! ስንቱን ሕፃን አሳውረውት ይሆን።”

እርሳስ።

ታዲያ ፔትካ ልጄን ከበሽታው ነው ያዳነችው ወይስ ከእኔ?

“ለኦብራድ ለምን አትነግሪውም? ሰሌዳ እያሠራ ነው” አልኳት።

“እኔ ‘ያልታወቀ እጅ’ ብዬ እጽፋለሁ፣ በቃ። የመንደራችሁን ጠብ ልፈታ አልመጣሁም። በረዶ ሳይጥል ኖራዬ መድረቅ አለበት።” ሲጋራዋን ከጆሮዋ አወረደች። “እንዲያውም እኔ ምንም አላልኩዎትም።”

እሷም ፈሪ ናት ለካ። ዘመዴ።

ጥቅምት 3

የቀረው ይኸውና።

ዓይኖቿ መጥፋታቸውን ያየው ኦብራድ ነው፣ ከግንባር ተመልሶ ሊሳለም ሲገባ። እየጮኸ ነው ቤታችን የመጣው። ሚሎዬ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነበር፣ ልጁን በጭኑ አስቀምጦ። “አንቺ ታች ስትወርጂ ሰንብተሻል። ማንን አየሽ?” አለኝ። ሁለቱም ያዩኛል። ልጁም ያየኛል፣ በንጹሕ ዓይኖቹ።

“ሃምዲያ ከቤተ ክርስቲያኗ ሲወጣ አይቼዋለሁ” አልኩ።

ውሸት አይደለም። አይቼዋለሁ። በሩ በፍንዳታ ተገንጥሎ ስለነበር ፍየሉ ብርዱን ሸሽታ ገብታ ኖሮ፣ በቀንዷ እየጎተተ ሲያወጣት ነው ያየሁት። እኔ ስገባ፣ እሱ ሲወጣ። ፍየሏን ነው የዘለልኳት። አንዲት ፍየል ብቻ።

በዚያው ቀን ቤቱን አቃጠሉት። ሃምዲያ ዘይናን አዝሎ በጫካው በኩል አመለጠ። ዘይና ግን ተራራውን አልተሻገረችም፣ በረዶው ላይ ቀረች። ይህን ከዓመታት በኋላ ነው የሰማሁት። ባቄላ እየፈለፈልኩ ነበር። መፈልፈሌን አላቆምኩም።

ለሚሎዬ አልነገርኩትም። ሲሞትም አልነገርኩትም። ምን ብዬ? ክብሪቱን የጫረው እሱ ነው። ያቀበልኩት ግን እኔ።

ጥቅምት 7

ሰሌዳው መጣ። ኦብራድ ጆንያውን ገልጦ ጮክ ብሎ አነበበልኝ፣ ዛሬም ማንበብ እንደማልችል። “በጦርነቱ ዘመን የቅድስት ፔትካን ዓይኖች በርኩስ እጁ ያወጣው የማዶው ሃምዲያ ነው። ትውልድ አይርሳ።” በወርቅ ቀለም።

“አንድ ፊደል ተሳስቷል” አልኩት።

“የት?”

አሳየሁት። ማንም አላስተማረኝም፤ ቃሪያ ለማድረቅ ጋዜጣ ስዘረጋ፣ ፊደሉን ከፊደል እያስታከክሁ ራሴ ነው የደረስኩበት። እሱ ግን እስካሁን አልተዋጠለትም።

“ማን ያየዋል” አለና ሸፈነው።

እመ ምኔቷ እማሆይ ማካሪያ መጣች። “የሰው ስም በቤቴ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም” አለች።

“እማሆይ፣ እርስዎ ይጸልዩ፣ ግድግዳውን ለኛ ይተዉልን። ማነው ያቆመው?”

“ሲሚንቶህ ነው?”

ሠራተኞቹ ሳቃቸውን የሚደብቁበት አጡ። ከዚያ ግን እማሆይም ዝም አለች። የክረምት ማገዶዋ የሚመጣው ከኦብራድ ጫካ ነው።

ዝም ካሉት ጋር እኔም ዝም አልኩ። ጎበዝ ቪዳ።

ጥቅምት 10

ለንግሡ ቤተ ክርስቲያን ስናጸዳ ዋልን፣ ሴቶቹ ሁሉ። ወለሉ አዲስ ነው፣ ግድግዳው ኖራ ኖራ ይላል። እርጥበቱ ቀንሷል፤ እጄን ሳስደግፍ አይቀዘቅዝም።

ስታና ፔትካ አጠገብ ስትወለውል ቆየችና፣ “እናቴ እኮ ከዚህች ነበር…” ብላ ጀመረች።

“ምን?” አልኳት።

ኦብራድ ገባ። ስታና ባልዲውን አነሣች። “ውሃው ቆሸሸ” አለችና ወጣች።

ጥቅምት 13

ኔዴልኮ ለንግሡ መጣ፣ ከኦስትሪያ። እዚያ ግራትስ በምትባል ከተማ ከባድ መኪና ይነዳል። የማልበላውን ቸኮሌት አመጣልኝ። ወፍሯል። ዓይኖቹ ያው ናቸው፣ የኔ።

ማታውኑ ከአጎቱ ጋር የፕለም አረቄ ያዙ።

“አጎቴ፣ ድንጋይ ምን ይሠራል? ሰውየውን ነው ማውጣት።”

“ቀስ በል፣ ቀስ በል” ይላል ኦብራድ፣ እየቀዳለት።

“አባቴ እጄን ይዞ ወስዶ ‘እይ! ምን እንዳደረጉብን እይ!’ ያለኝን እስክሞት አልረሳውም። ሌላ ልጅ ተረት ሲነገረው እኔ ያንን ነው ያየሁት።”

በየትኛው ዓይንህ አየኸው ልጄ? አልኩ። በልቤ ነው። አፌ ግን “ዳቦ ልጨምርልህ?” አለ።

ጥቅምት 15

ጠዋት ኔዴልኮ ቀኝ ዓይኑ አብጦ ተደፍኖ ገባ። እጁም አብጧል። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል።

“ምን ነካህ?”

“ንብ።”

“በጥቅምት? በዚህ ብርድ?”

“ተይኝ እማ።”

ንብ በዚህ ወቅት ቀፎዋ ውስጥ ተቃቅፋ ነው የምትኖረው። ካልገለበጡባት አትወጣም።

ቀዝቃዛ ጨርቅ ያዝኩለት። እንደ ሕፃንነቱ አንገቱን ቀና አደረገልኝ።

“ወንዝ ውስጥ ነው የጣላችኋቸው?”

“አጎቴ ነው ያለው።”

“ሁሉንም?”

ያበጠ እጁን አከከ። ከዚያ፣ “ዛሬ ቀፎው ነው” አለ። “ከንግሡ በኋላ ካልለቀቀ ደግሞ ቤቱ ነው።” ይህን ሲል በአንድ ዓይኑ ፈገግ አለ። ሚሎዬን ቁጭ።

ያንኑ ቤት። ሁለተኛ።

ጨርቁን ጭኑ ላይ ጣልኩለትና ወጣሁ።

ጥቅምት 16

ድልድዩን ተሻገርኩ። ከዘይና ወዲህ ተሻግሬው አላውቅም።

ሃምዲያ ውሃው ውስጥ ቆሞ የቀፎ ክዳን ይጎትታል። የሞቱ ንቦች በድንጋዮቹ መካከል እንደ እብቅ ተሰብስበዋል። ከአጥሩ ውጭ ቆምኩ።

“ምን ፈለግሽ?”

“ያኔ… ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ…”

“ማንኪያ ይዘሽ ነበር” አለ። ዞሮ እንኳ አላየኝም። “እኔ ፍየሌን ስጎትት አንቺ አልፈሽኝ ገባሽ። ማንኪያ በእጅሽ፣ ጥቁር ሻሽ በራስሽ። ምን መሰለሽ? ‘ቪዳ ሾርባ ልትበላ ነው የገባችው’ እያልኩ የኖርኩ መሰለሽ?”

ያውቃል። ሁልጊዜ ያውቅ ነበር።

“ለምን አልተናገርክም?”

“ለማን? ‘እሳቱን አንዴ አቁሙልኝና የሚሎዬን ሚስት ጠይቁልኝ’ ልበላቸው?”

“ይቅር…”

“እዚህ እንዳታመጪው!” ክዳኑን በአጥሩ ላይ ወረወረው፣ ጭቃው ልብሴ ላይ ተረጨ። “ይቅርታሽን ከቃሪያሽ ጋር ገንቦ ውስጥ ክተቺው! እናቴ በጀርባዬ ላይ ነው የደረቀችው። ምን እያለች እንደሞተች ታውቂያለሽ?”

“አላውቅም።”

“‘የቪዳ ልጅ ዓይኑ ተከፈተለት ይሆን?’ እያለች። በዚያ በረዶ ላይ! ‘ዝም በይ እማ፣ ትንፋሽሽን ቆጥቢ’ እላታለሁ፤ እሷ ስለ አንቺ ልጅ።”

አጥሩን ይዤ ቆምኩ። ምን ልበል? ተከፈተለት ልበል? ተከፍቶለት ቀፎህን ወንዝ ከተተው?

“ከንግሡ በኋላ ቤትህን…” አልኩ።

“አውቃለሁ። አንዴ አይቼዋለሁ።” ወደ ውሃው ተመለሰ። “ሂጂ አሁን። ንግግር ካለሽ እነሱ ባሉበት ተናገሪው። ለእኔ አዲስ አይደለም።”

ጥቅምት 17፣ የፔትካ ንግሥ

ቶሎ ቶሎ ልጻፈው።

ቤተ ክርስቲያኗ ሞልታ ነበር። ንፍሮው ተባረከ፣ ዳቦው ተቆረሰ። ከቅዳሴው በኋላ ኦብራድ ጨርቁን ገፎ ሰሌዳውን አነበበ። ኔዴልኮ ከጎኑ፣ ዓይኑ ገና ግማሽ ብቻ ተከፍቷል።

“እኔ ነኝ” አልኩ።

ማንም አልሰማኝም። ጮክ ብዬ የማላውቅ ሰው… እንዴት እንደሚጮህ እንኳ ጠፋኝ።

“እኔ ነኝ የፋቅኋቸው! ለልጄ ዓይን መድኃኒት ብዬ! ሃምዲያ የጠፋች ፍየሉን ሊያወጣ ነው የገባው!”

ፍየል ስል አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ማንም አልሳቀም።

“ባሏ ከሞተ ወዲህ ልክ አይደለችም” አለ ኦብራድ። “መዝሙሩን ቀጥሉ።”

“ልክ ያልነበርኩት ያኔ ነው! ‘ሲወጣ አይቼዋለሁ’ ያልኳችሁ ቀን! በእኔ ቃል ነው የሰው ቤት ያቃጠላችሁት፣ አንተና ወንድምህ፣ በከንቱ!”

ያኔ ፊቱ ተለወጠ። አመነኝ። ማመኑን መቼም አይናገርም፣ ግን አየሁት። “ዝም በይ” አለ፣ ቀስ ብሎ። “የወንድሜ አጥንት ይፋረድሽ።”

ወደ ሴቶቹ ዞርኩ። “ስታና! የቀኝ ዓይኗ ጠርዝ ከእኔ በፊት በማን ተቦረቦረ? እናትሽስ? እምነት እያላችሁ በመሐረብ ስትቋጥሩ አብረን አልኖርንም?”

ስታና ወለሉን አየች። ሁሉም አሮጊቶች ወለሉን አዩ። ባለፈው ሳምንት የወለወልነው ወለል ነው፣ የሚታይ ነገር አልነበረውም።

ኔዴልኮ ክንዴን ይዞ ጎትቶ አወጣኝ። ደጁ ላይ፣ “ያ ሽማግሌ ምን አብልቶሽ ነው?” አለኝ። “ማር?”

“አንተ ነበርክ ልጄ። ዓይኖችህ…”

“የእኔን ዓይን አትጥሪ! በእነሱ ቆሻሻ ውስጥ የእኔን ዓይን እንዳታስገቢ!”

ንፍሮውን ሳይቀምስ ሄደ።

ጥቅምት 18

ጎህ ሲቀድ ወደ ግራትስ ነድቷል። ሳይሰናበተኝ።

ቀኑን ሙሉ በመስኮት ማዶውን ሳይ ዋልኩ። የወጣው ጢስ የምድጃ ጢስ ብቻ ነው። ኦብራድ ብቻውን ክብሪት አይጭርም። ምን ብሎ ይጭራል አሁን?

ጥቅምት 20

ባለሱቋ “ስኳር አልቋል” አለችኝ። ስኳሩ ከኋላዋ ተደርድሯል።

ኦብራድ መጣ። አንኳኳ። አንኳክቶ ሲገባ የመጀመሪያው ነው፣ እንደ እንግዳ ሰው።

“ለእማሆይ ማካሪያ ‘አሞኝ ነበር’ በያት። እኔ የቀረውን አስተካክለዋለሁ።”

“አላመመኝም።”

“እንግዲያው እንደሞትሽ ነው የምቆጥርሽ።”

“ሲሚንቶ አፍስስብኝ” አልኩት።

እኔ ነኝ ያልኩት? እኔ።

ጥቅምት 22

ያስና ዕቃዋን ጭና ሄደች። ከመሄዷ በፊት ሰሌዳውን አስነቀለችው፤ ግድግዳው ገና እርጥብ ነው፣ ክብደት አይችልም፣ ይወድቃል ብላ። ውሸቷን ነው። ግድግዳው ደርቋል፣ በእጄ ዳስሼዋለሁ። ፈሪም አንዳንዴ ይጠቅማል። ሰሌዳው አሁን ከማገዶው ጋር ቆሟል፣ ፊቱን አዙሮ።

ዓይኖቹን አልሣለቻቸውም። ጎድጓዳዎቹን በኖራ አጽንታ እንዳሉ ተወቻቸው። እማሆይ ማካሪያ “ታውራ እንዴት እሳለማታለሁ?” ብላ አለቀሰች። እኔ ዛሬ ፊቷን አቅንቼ አየኋት። እሷ አላየችኝም።

ጥቅምት 23

እነዚህን ገጾች ይዤ ድልድዩን ተሻገርኩ። “ውሰዳቸው” አልኩት ሃምዲያን። “ሁሉም አለበት። ለፈለግከው አሳይ።”

እጁን በሱሪው ጠረገ። እዚያው ቆሞ አገላበጠ። “‘ደረቅ ሽማግሌ’ ይላል እዚህ ጋ።”

“ነህ።”

“ነኝ።” ሌላ ገጽ ገለጠ። ዘይና ያለችበትን መሰለኝ፣ ብዙ ቆየበት። ከዚያ አጥፎ መለሰልኝ። “እኔ ዘንድ ምን ይሠራል? የማውቀውን ነው የጻፍሽው። ለማያውቀው ስጪው።”

ዞሬ ስሄድ ከኋላዬ ጮኸ። “ደግሞ ድልድዩን እንዳትለምጂው!”

ጥቅምት 24

ነገ ወደ ግራትስ የሚሄድ አውቶቡስ አለ። ሹፌሩ ኔዴልኮን ያውቀዋል፣ በእጁ ይሰጠዋል።

አባቱን የሚነካውን ልሰርዝ ብዬ ብዕር አነሣሁ። ተውኩት። እሱንም የሚነካው አለበት። ይኑር። ሊቀደው ይችላል፣ ምድጃ ውስጥ ሊከተው ይችላል። ግን ከመክተቱ በፊት አንድ መስመር ማየቱ አይቀርም፤ ልጄን አውቀዋለሁ፣ ሳያይ የሚጥል ሰው አይደለም።

የዓይኑ እብጠት እስካሁን ጎድሎለት ይሆናል።

እነዚህን ገጾች የሚቀበለው ቪዳ የምትባለው የቪዶሳቫና የሚሎዬ ልጅ ኔዴልኮ ነው። በሁለቱም ዓይኖቹ ያንብባቸው።